ከባድ መሣሪያዎችን ያለ ረዳት ወደ ሥራ ቫን መጫንና ማውረድ፦ ምክር እፈልጋለሁ

ብየዳና ጥገና፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምተዳደረው በብየዳና በብረታ ብረት ጥገና ሲሆን ሥራው የሚከናወነው ደንበኛው ባለበት ቦታ ስለሆነ መሣሪያዎቼን በሙሉ በቫን ይዤ እንቀሳቀሳለሁ። እስካሁን ከባልደረባዬ ጋር ከባድ ከባዱን ዕቃ እየተጋገዝን እናነሣ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ስለምሠራ አጫጫኑን ከመሠረቱ መለወጥ እንዳለብኝ ተረድቻለሁ።

ጄኔሬተሩ ጎማ ያለው ሆኖ 120 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ኮምፕረሰሩ 80፣ የብየዳ ማሽኑ 45፣ የኮንክሪት መስበሪያው ደግሞ 30 ኪሎ ግራም ናቸው። ከእነዚህ ሌላ የኦክስጅንና የአሲቲሊን ሲሊንደሮች፣ ሞርሳ የተገጠመለት ጠረጴዛና በርካታ የመሣሪያ ሣጥኖች አሉ። የቫኑ የጭነት ወለል ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የኋላና የጎን በሮች አሉት፤ ጋቢናውን ከዕቃው ክፍል የሚለይ የብረት ግድግዳም ተገጥሞለታል።

ጥያቄዬ ጄኔሬተሩን የሚያህል ዕቃ ለአንድ ሰው በመወጣጫ ላይ መግፋት ይቻል እንደሆነና የመወጣጫው ርዝመት ስንት መሆን እንዳለበት ነው። በተጨማሪም ከገባ በኋላ የትኛውን ዕቃ የት ማስቀመጥና በምን ማሰር እንደሚሻል፣ በተለይ ከልምድ የምታውቁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።


የጭነት ሹፌር፦

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄውን ከጉዳት በፊት ማንሣትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ሰው ስለ ወገቡ ማሰብ የሚጀምረው ከታመመ በኋላ ነው።

ስለ መወጣጫው ከመናገሬ በፊት ግን መኪናው በሕግና በአሠራሩ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል አስልተው እንዲያውቁ እለምንዎታለሁ። በበሩ ማዕቀፍ ላይ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል፤ ከዚያ ላይ የባዶ መኪናው ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው የመጫን አቅሙ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላ ክብደቱ 3,500፣ ባዶው ደግሞ 2,250 ኪሎ ግራም ከሆነ 1,250 ኪሎ ግራም ይቀራል። ይህ ቁጥር ግን ለዕቃ ብቻ የተተወ አይደለም። መደርደሪያው፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጣውላ፣ መወጣጫው ራሱና አብሮ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ከዚሁ ላይ ይቀነሳሉ። የኋላ ሊፍት ለማስገጠም ካሰቡም ሊፍቱ በራሱ ከባድ ስለሆነ ከመጫን አቅሙ ላይ ብዙ እንደሚበላ ያስቡበት። በመኪና ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት ይዞ መመዘን፣ የሚቻል ከሆነም የፊትና የኋላ አክሱን (ግራና ቀኝ ጎማዎቹ የተያያዙበትን ዘንግ) ለየብቻ ማስመዘን፣ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል።

ወደ መወጣጫው ስንመጣ፣ ዋናው ነገር ከፍታው ለርዝመቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የእርስዎ 65 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለ 2 ሜትር መወጣጫ ላይ ሲሆን ጄኔሬተሩን ወደ ላይ ለመግፋት 39 ኪሎ ግራም ያህል ክብደትን የሚያነሣ ጉልበት ይጠይቃል፤ የጎማው መጎተት ደግሞ በዚያ ላይ ይታከላል። መወጣጫው 3 ሜትር ቢሆን ወደ 26 ኪሎ ግራም ይወርዳል። አንድ ሜትር መጨመር የጉልበቱን አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ባለ 2 ሜትሩን ለጄኔሬተሩ አልመክርዎትም፤ መሐል ላይ የሚታጠፍ ባለ 3 ሜትር መወጣጫ ቢፈልጉ ይሻላል፤ በላዩ የታተመው የመሸከም አቅምም ከማሽኑና ከእርስዎ ክብደት ድምር በሚገባ የሚበልጥ ይሁን። ተራ ሳንቃ ግን በፍጹም አይጠቀሙ። ሳንቃ መሐሉ ላይ ይጎብጣል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ከቫኑ ጠርዝ ጋር የሚያያዝበት ነገርም የለውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታው የሚለካው ከመኪናው ወለል እስከ መወጣጫው እግር ማረፊያ ድረስ ነው እንጂ እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻ አይደለም። የመወጣጫው እግር 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእግረኛ መንገድ ላይ ቢያርፍ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ባለ 2 ሜትሩ መወጣጫ እንኳ ከ39 ወደ 30 ኪሎ ግራም ይወርድልዎታል። ተዳፋት ባለበት ቦታም የቫኑ ኋላ ወደ ዳገቱ እንዲዞር አድርገው ቢያቆሙት የመወጣጫው ቁልቁለት ይቀንሳል። በዚህ አቋቋም ግን መኪናው ወደ ፊት ሊንሸራተት ስለሚችል የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሽ ውስጥ ያስገቡት፣ ከጎማዎቹ ፊት ለፊትም ታኮ ያድርጉ። ሜዳ ላይም ቢሆን ታኮውን አይተዉት፤ ማሽኑን ወደ ላይ ሲገፉ መኪናውንም ወደ ፊት እየገፉት ነው።


ዊንች የምጠቀም፦

ከላይ የተሰጠውን ስሌት በሙሉ እቀበላለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን እለያለሁ። 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማሽን አንድ ሰው በእጁ መወጣጫ ላይ ማውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ መወጣጫው 3 ሜትር ቢሆንም እንኳ። ምክንያቴ መጫኑ አይደለም፤ ማውረዱ ነው። ሲጫን ድካም ከተሰማዎት ማቆምና መመለስ ይቻላል። ሲወርድ ግን ክብደቱ በራሱ መሄድ ይፈልጋል፤ መወጣጫው እርጥብ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ደግሞ እግር የሚቆምበት ቦታ ያጣል። ጭነቱ ቁልቁል እየሄደ ሰው ከሥሩ መቆም የለበትም የሚለው ደንብ በጭነት ሥራ ውስጥ በምንም ምክንያት የማይጣስ ደንብ ሊሆን ይገባል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ ከላይ ሆኖ 120 ኪሎ ግራም በእጁ ይዞ ማቆየት አይችልም።

ስለዚህ መፍትሔው ዊንች፣ ማለትም ገመድ በከበሮ ላይ እየጠቀለለ ዕቃ የሚጎትት መሣሪያ ነው። በጋቢናው ግድግዳ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ይተከላል። ቡሎኖቹ ላሜራውን ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ፣ ከሥር ሰፊ የብረት ሰሌዳ ተደርጎ ከሻንሲው ጋር መያያዝ አለባቸው፤ ከመበሳትዎ በፊት ከወለሉ ሥር የነዳጅ ቱቦ፣ የፍሬን መስመርና የኤሌክትሪክ ገመድ አለመኖሩን ያረጋግጡ። በባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ዊንች ጥሩ ነው፤ በእጅ የሚዞረውም ይበቃል፤ ነገር ግን የእጁን ከመረጡ የራሱ ፍሬን ያለው መሆኑን አጥብቀው ይጠይቁ። ፍሬን ያለው ዊንች እጀታውን ሲለቁት ጭነቱን ባለበት ይዞ ያቆማል። ፍሬን የሌለው፣ በጥርስ ብቻ የሚያዘው ዓይነት ለመጎተት ቢያገለግልም ጭነት ለማውረድ የተሠራ አይደለም፤ ጥርሱ ሲነሣ እጀታው በኃይል ተሽከርክሮ እጅ ሊሰብር ይችላል።

ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ዊንች ካለዎት ከማሽኑ ጋር የሚታሰር ፑሊ (ገመድ የሚዞርበት መንኮራኩር) ይጨምሩ። ገመዱ ከዊንቹ ተነሥቶ በማሽኑ ላይ ባለው ፑሊ ዞሮ ወደ ቫኑ ከተመለሰና ጫፉ እዚያው ከታሰረ፣ ዊንቹ የሚሸከመው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱም እንዲሁ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም ለደኅንነት ጥሩ ነው። ፑሊው ቫኑ ላይ ብቻ ተተክሎ ማሽኑ ካልተነካ ግን የገመዱን አቅጣጫ ይለውጣል እንጂ ጉልበት አይቀንስም። ገመዱ ሙሉ በሙሉ በተለቀቀ ጊዜም ቢያንስ 3 ዙር በከበሮው ላይ ይቅር፤ ጫፉን የያዘችው ትንሽ ማሰሪያ ብቻዋን ጭነት እንድትሸከም አልተሠራችም። በሥራው ጊዜ ከተወጠረው ገመድ ጎን እንጂ በአቅጣጫው አይቁሙ።

የመወጣጫው የላይኛው ጫፍም ከቫኑ ጋር በሰንሰለት ወይም በፒን ይያዝ። የማሽኑ ጎማ ጠርዙን ሲነካ መወጣጫውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ብዙ ማሽን የወደቀው መወጣጫው ስለተሰበረ ሳይሆን ስለተንሸራተተ ነው። የቫኑ ኋላም ክብደቱ ሲያርፍበት በባሌስትራው መጠን ዝቅ ስለሚል ሰንሰለቱ በጣም አይወጠር፤ ለዚያ እንቅስቃሴ የሚሆን ትንሽ ልቀት ይተዉለት።


የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስለ አቀማመጡና ስለ ማሰሩ ልናገር፤ መሣሪያ ለሠራተኞች የማከፋፈልና ተመልሶ ሲመጣ የመረከብ ሥራ ላይ ስለሆንኩ፣ በደንብ ያልታሰረ ዕቃ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በየጊዜው አያለሁ።

ከባድ ዕቃ ቦታው ወለል ላይ፣ ከኋላ አክስ ወደ ፊት ነው። ለምን ቢሉ፣ ጄኔሬተሩን ከኋላ አክስ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ማለትም በሩ ጋ አስቀመጡት እንበል። በፊትና በኋላ አክስ መካከል ያለው ርቀት 3.2 ሜትር ከሆነ የኋላ አክሱ የሚሸከመው 120 ሳይሆን 150 ኪሎ ግራም ነው፤ ፊቱ ደግሞ በ30 ኪሎ ግራም ይቀልላል። መሪ የሚይዙትና አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸውና ይህ መቅለል በተለይ በዝናብ ጊዜ ይታወቃል። በርካታ ከባድ ዕቃ በሩ አካባቢ ሲከማች ጠቅላላ ክብደቱ በሕጉ ውስጥ ሆኖ እንኳ የኋላ አክሱ ከአቅሙ በላይ ሊጫን ይችላል። ግራና ቀኙም ይመጣጠን፤ ጄኔሬተሩ በአንድ ጎን ከሆነ ኮምፕረሰሩና የብየዳ ማሽኑ በሌላው ጎን ይሁኑ። የጎማውን ንፋስ ደግሞ አምራቹ ለሙሉ ጭነት በጻፈው ልክ ያድርጉት፤ ብዙ ሰው ለባዶ መኪና የተጻፈውን ይዞ ይኖራል።

አሁን ወደ ማሰሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላርዝም። በአውሮፓ የጭነት ማሰሪያ ደረጃ መሠረት ማሰሪያው በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ወደ ፊት የዕቃውን ክብደት 0.8 ያህል፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 0.5 ያህል ኃይል መቋቋም አለበት። ለጄኔሬተርዎ ሲሰላ ወደ ፊት 96፣ ወደ ጎን 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ተንጠልጥሎ እንደሚጎትተው ያህል ነው። ይህ የፍሬን እንጂ የግጭት ስሌት አይደለም። በግጭት ጊዜ የሚሆነውን ለመገመት ከፈለጉ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ ያለ ያልታሰረ መሣሪያ የያዘው ኃይል ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ይህ ለ5 ኪሎ ግራም መዶሻም ያው ነው። የጋቢናው ግድግዳ መኖሩ በጣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ካልተቀመጠ፣ ክፍተቱን አቋርጦ በፍጥነት ስለሚመታው ግድግዳው ሊሠራ የሚገባውን አይሠራም።

የማሰሪያ ቀበቶ ሲገዙ መለያው ላይ የመያዝ አቅሙ በዴካኒውተን ተጽፏል፤ 1 ዴካኒውተን ከ1 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር እኩል ነው ሊባል ይችላል። መለያው የጠፋበትን፣ ጠርዙ የተበላውን ወይም በብየዳ ፍንጣሪ የተቃጠለውን ቀበቶ፣ ጠንካራ ቢመስልም፣ ከሥራ ያውጡት። ቀበቶውን በዕቃው አናት ላይ ብቻ አዙሮ ማጥበቅ ዕቃውን ወደ ወለሉ ከመጫን በቀር ቀጥታ አይዘውም፤ የሚያስቆመው የዕቃውና የወለሉ ሰበቃ ነው። ስለዚህ የጄኔሬተሩን የብረት ማዕቀፍ ከአራት አቅጣጫ፣ በየማዕዘኑ ወደ ወለሉ ቀለበት መወጠር ይበልጣል። ከሥሩ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ቢነጠፍ ደግሞ ግማሹን ሥራ ያቀልልዎታል። ቀለበቶቹ ከመኪናው አካል ጋር በአምራቹ የተያያዙት ይሁኑ፤ ከመደርደሪያ እግር፣ ከጎን ላሜራ ወይም ከማሽኑ የፕላስቲክ እጀታ ጋር አያስሩ። ጥቂት ከተጓዙ በኋላም ቆም ብለው ቀበቶውን እንደገና ያጥብቁ፤ ዕቃው በመንገጫገጭ ቦታውን ሲይዝ ቀበቶው ይላላል።


ሲሊንደርና ነዳጅ፦

እስካሁን ያልተነሣው ነገር ሲሊንደሩና ነዳጁ ስለሆነ በአጭሩ ልጨምር። የኦክስጅኑና የአሲቲሊኑ ሲሊንደሮች መቆጣጠሪያቸው ተፈትቶ፣ ቫልቫቸው ተዘግቶ፣ ክዳናቸው ተገጥሞ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ይታሰሩ። አሲቲሊን በሲሊንደሩ ውስጥ በአሴቶን ሟሙቶ ስለሚቀመጥ፣ ተጋድሞ ከተጓጓዘ አሴቶኑ ወደ ቫልቩ ሊወጣ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ከመጠቀም በፊት ቀጥ ብሎ ለሰዓታት መቆም አለበት። የዕቃው ክፍል አየር የሚያስገባ ካልሆነ ሲሊንደር በዝግ ቫን ውስጥ አይደር፤ ለዕለቱ ሥራ የማያስፈልግ ከሆነም አይጫን።

ጄኔሬተሩ ከሥራ እንደ ወጣ ትኩስ ሳለ አይጫን። የነዳጅ መዝጊያው መዘጋቱን ይዩ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል እንጂ በጣሪያው አይወጣም። የኮምፕረሰሩን አየር ደግሞ በሙሉ ያስተንፍሱ፣ በሥሩ ያለውን ውኃም ያፍስሱ። ዘይት ያለበት ማሽን ስለሆነ ጎኑ ላይ ተጋድሞ መጓዝ የለበትም።


የጭነት ሹፌር፦

የዊንቹን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ በተለይ ስለ ማውረዱ የተባለው ትክክል ነው። ባለ 3 ሜትሩ መወጣጫ ግን ከዊንቹ ጋርም ይኑር፤ ዊንቹ ጉልበቱን ቢተካም፣ አጭርና ቁልቁለቱ የበዛ መወጣጫ ላይ ጎማ ያለው ረጅም ማሽን ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፣ ሆዱም በመወጣጫው የላይኛው ጠርዝ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

አንድ ነገር ስለ ትንንሾቹ ዕቃዎች ልጨምር። ሁላችንም ስለ 120 ኪሎ ግራሙ ስናስብ ወገብ የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ 30 ኪሎ ግራሙ ነው፤ በእጅ ስለሚነሣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በ1991 ባሻሻለው ቀመር፣ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ በእጅ ለሚነሣ ዕቃ ያስቀመጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ግራም ነው። ይህም ዕቃው ከሰውነት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲርቅ ነው። ርቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጣሪያው በግማሽ ወርዶ 11.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከኋላ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሣጥን መሳብ ይህን ርቀት በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ከባድ ሣጥኖችን በጎን በሩ አጠገብ፣ ቆመው በሚደርሱበት ቦታ ያድርጉ፤ አንድ ትልቅ ሣጥን ካለዎትም ለሁለት ይክፈሉት። የኮንክሪት መስበሪያውን መውጊያውን ነቅለው አንዱን ጫፉን መጀመሪያ የቫኑ ጠርዝ ላይ ያስደግፉት፤ ከዚያ ሌላውን ጫፍ አንሥተው ይግፉት። በማንኛውም ቅጽበት የሚያነሡት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ረጅም መንገድ ነድተው ሲደርሱም ወዲያው ከባድ ነገር አያንሡ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ይራመዱ።


ብየዳና ጥገና፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዊንቹንና ባለ 3 ሜትሩን መወጣጫ አብሬ ለማሰናዳት ወስኛለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ጄኔሬተሩ ከአክሱ ወደ ፊት ይሁን ከተባለ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው ማለት ነው፤ ሥራ ቦታ ስደርስ ግን መጀመሪያ የምፈልገውም እሱን ነው። ሌላውን ሁሉ ካላወረድኩ እንዴት አገኘዋለሁ?


የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ፦

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የብዙ ሰው ቫን ከዓመት ዓመት የሚመሰቃቀለውም በዚህ ምክንያት ነው። መልሱ የቫኑን መሐል ባዶ መተው ነው። ሣጥኖቹ፣ ሲሊንደሮቹና የብየዳ ማሽኑ በግራና በቀኝ ግድግዳ በኩል ይደርደሩ፤ በመካከላቸው ከጄኔሬተሩ ስፋት ጥቂት የሚበልጥ መተላለፊያ ይቅር። ጄኔሬተሩ በዚያ መተላለፊያ ገብቶ ከፊተኛው ግድግዳ አጠገብ፣ ከዊንቹ ፊት ለፊት ይቆማል፤ የዊንቹ ገመድም በቀጥታ ስለሚጎትተው ማሽኑ ወደ ጎን አይዞርም። ዊንቹን በግድግዳው መሐል ትይዩ ወለሉ ላይ የሚተክሉትም ለዚህ ነው። በማሽኑና በግድግዳው መካከል ዊንቹ የያዘው ቦታ ክፍተት እንዳይሆን ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሰር የብረት ማቆሚያ ያድርጉለት፤ የፊት ጎማዎቹ እሱን ነክተው ይቁሙ። ሥራ ቦታ ሲደርሱ መወጣጫውን ብቻ ዘርግተው ማሽኑን በዊንቹ ይዘው ያወርዱታል፤ ሌላ የሚነካ ዕቃ አይኖርም።

መተላለፊያው ባዶ ሆኖ የመወጣጫው ቦታም እዚያው ይገኛል፤ ታጥፎ በጠርዙ ቆሞ ከአንዱ መደርደሪያ ጋር በቀበቶ ይታሰራል። ክብደት ቢኖረውም በሩ ጋ ስለሚሆን ጎትቶ ጫፉን ጠርዙ ላይ ማስደገፍ ለአንድ ሰው አያስቸግርም። ዊንቹና መደርደሪያዎቹ ከመተከላቸው በፊት ግን የጄኔሬተሩን ልክ በካርቶን ቆርጠው በቫኑ ወለል ላይ ያስቀምጡና በመደርደሪያዎቹ መካከል እጅዎ ገብቶ አራቱንም ቀበቶዎች ማጥበቅ መቻሉን ይሞክሩ፤ ቀለበቱ በሣጥን ሥር ከተሸፈነ ማሰሩ በየቀኑ አስቸጋሪ ይሆንና መጨረሻ ላይ ይተዋል።